ከድምፁ በኋላ የመጣው ጨለማ

የትወና መምህሩ ሞተው የተገኙት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩበት ከኖሩት መድረክ ሥር ነው። በመድረኩ ወለል መሐል የሚከፈት ክዳን አለ፤ ተዋናይ ድንገት እንዲሰወር ሲፈለግ በዚያ ይወርዳል። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ ነበር። ተማሪው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው መምህር በዚያ ቀዳዳ ወድቀው፣ ታች ምድር ቤት ከተከመረው ብረት ላይ አረፉ።

መርማሪዋ ስልክ ሲደወልላት ቢሮዋ ውስጥ የዘገየ ምሳዋን እየበላች ነበር። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ብቻዋን መቀመጥ ስለሚከብዳት ምሳዋን መሥሪያ ቤት፣ እራቷን ቆማ መብላት ለምዳለች። የምግብ ዕቃዋን ከድና ተነሣች።

አዳራሹ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ነገሩን ጨርሶ ነበር የጠበቃት።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር። አዳራሹ መስኮት የለውም። መብራት ጠፍቶባቸው በዳበሳ ሲሄዱ ገቡበት። ዋናውን ማጥፊያ ወርዶ አገኘነው፤ እኛ ነን መልሰን ያበራነው።»

«ማን አወረደው?»

«እሱን እንግዲህ...» ብሎ ራሱን አከከ።

«ሕንፃው ውስጥ ማን ማን ነበር?»

«ልምምዱ ገና አልተጀመረም። የመድረክ ግንባታ መምህሩ፣ የጋሼ ረዳትና አንዲት ተማሪ ብቻ ናቸው። በሩ አንድ ነው። ዘበኛው ሌላ ሰው አልገባም ብሎ ይምላል።»

መርማሪዋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ፊት እንደዘረጉ ወድቀዋል። ሸሚዛቸው በንጽሕና የተተኮሰ፣ ጸጉራቸው የተበጠረ ነው። በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉትን መነጽር አንስታ በአምፖሉ ብርሃን አየችው። መስታወቱ በጣት አሻራና በከረመ አቧራ ተሸፍኗል። በዚያ መነጽር የሚያይ ሰው በሩንና ግድግዳውን አይለይም። መልሳ በቀስታ ደረታቸው ላይ አኖረችው።

መድረኩ ላይ ስትወጣ የመጀመሪያ እርምጃዋ ጉብ ካለ ነገር ላይ አረፈ። ጎንበስ አለች። ከወለሉ ጋር ጥቁር ቀለም የተቀባ ቀጭን ገመድ ነው፤ በሚስማር ተቸክሎ ከጎን መጋረጃው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ተከፈተው ቀዳዳ ይሄዳል። ከዚያው መጋረጃ ሥር ሌላ መስመር ደግሞ መድረኩ ላይ ወደተቀመጠ ወንበር ያመራል። ይሄኛው ገመድ የለውም፤ ቀለም ያልነካው የጣውላ ጭረት ነው፤ የሆነ ሰው ላዩን በሌላ ጥቁር ነገር አሽቶታል። በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችው። የጫማ ቀለም።



የመድረክ ግንባታ መምህሩን ያገኘችው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ወርክሾፑ ነው። ተማሪዎቹ «መዶሻ» ይሉታል፤ ጎልማሳ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ በጥቁር ቀለም የተለወሱ። የኤሌክትሪክ መጋዙ ላይ ገና ያልተቆረጠ ጣውላ ተጋድሟል።

«ምን ሰማህ?»

«ጣውላውን እየለካሁ ነበር። ዷ! የሚል ድምፅ መጣ። ተማሪዎቹ ዕቃ ሲጥሉ ለምጃለሁ፤ ንቄ መጋዜን ልጀምር ስል መጋዙም እምቢ አለ፣ መብራቱም ድርግም። ከዚያ ልጅቷ ጮኸች።»

«መድረኩ ላይ ያለው ገመድ ምንድን ነው?»

«ጋሼ ያስቸከሉኝ ነው፤ ከመጋረጃው እሳቸው እስከሚቀመጡበት ወንበር። 'ተዋናዮቹ መንገዳቸውን እንዲያውቁበት ነው' አሉኝ። ወለሉን ስቀባ አብሬ ቀባሁት። እውነቱን ልንገርዎ? ትርጉሙ አልገባኝም። የሳቸው ነገር ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ አይገባኝም።»

«ተጣልታችኋል እንዴ?»

መዶሻ እንጨት ፍቅፋቂውን በእግሩ ገፋ አደረገ።

«መጣላት አይባልም። የዚህን ትርኢት ንድፍ ስንት ቀን ደክሜበት ወስጄ ሰጠኋቸው። ገልብጠው ያዙት። የቤቱ ጣሪያ ወደ ታች! ገልብጠው እንደያዙ 'ግሩም ነው' አሉኝ። እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሻይ አብረን ጠጥተን አናውቅም።»

ተማሪዋ መልበሻ ክፍል ውስጥ መስታወት ፊት ተቀምጣለች። አንድ ዓይኗ በወፍራም ኩል ተከቧል፤ ሌላው እንዳለ ነው። ጣቷም ኩል ጠጥቷል። ስትናገር ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ከዚያች ቀጭን አካል የሚወጣ አይመስልም።

«ሬሳውን ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ ልጄ?»

«አዎ። አንዱን ዓይኔን ጨርሼ ወደ ሁለተኛው ስሄድ የሆነ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። ወዲያው መብራቱ ጠፋ። በስልኬ መብራት ወጣሁ። ክዳኑ ተከፍቶ ነበር። ታች ሳበራ...»

«ትቀርቢያቸው ነበር?»

«በየቀኑ ተውኔት ጮክ ብዬ አነብላቸው ነበር። ለድምፅ ልምምድ ይጠቅምሻል ብለውኝ ነው። አንዳንዴ እስኪያመን እንስቃለን። ግን የጋሼ ነገር አይገባኝም ነበር። በእንቅስቃሴ ፈተና ደጋግመው ጣሉኝ፤ 'ሰውነቷ ግትር ነው' ተብሎ። ኮሪደር ላይ ደግሞ እጄን አንስቼ ሰላም ስላቸው እንደማያውቁኝ ያልፉኛል። እቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። ክፍል ውስጥ ሌላ የማናግረው ሰው የለኝም።»

«በቅርቡ የተለየ ነገር ነግረውሻል?»

ልጅቷ አሰበች።

«ትናንት ትከሻዬን ያዙና 'እስቲ ተራመጂ' አሉኝ። አብረውኝ ተራመዱ። ከዚያ ቆሙና 'ግትር ናት ያለው ማነው?' አሉ። 'እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ' አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። 'ነገ ከልምምዱ በፊት ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ' ብለውኝ ሄዱ።»

ረዳት መምህሩ የሚጠብቃት በጋሼ ቢሮ ነው። ከሟቹ ጎን ስለማይጠፋ ተማሪዎቹ «የጋሼ ጥላ» ይሉታል። ወጣት ነው፣ ያለ ዕድሜው የሸበተ፣ ዝግ ያለ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ያደረገ። መርማሪዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ገባች። እሱ እያናገራት ሄዶ በሩን እስከ ግድግዳው ድረስ ገፍቶ ለጠፈው። ወንበር ስባ ተቀምጣ፣ ኮርኒሱን ለማየት ስትነሣ ደግሞ ወንበሩን መልሶ ጠረጴዛው ሥር አስገባው። ኮርኒሱ ላይ የአምፖል ማቀፊያ አለ፤ አምፖል የለውም። የሸረሪት ድር አድርቶበታል።

«ጋሼ እዚህ እስከ ማታ ይሠሩ ነበር?»

«በየቀኑ። ትጉ ነበሩ።»

«በምን መብራት?»

ረዳቱ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። «በጠረጴዛ መብራት ይሆናላ።»

ጠረጴዛው ላይ መብራት አልነበረም። መርማሪዋ ነገሩን አለፈችው።

«ጋሼ ሲወድቁ እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። መብራት ጠፋ፤ ምን ሆኖ ነው እያልኩ ሳለሁ የመውደቅ ድምፅ ሰማሁ። በጨለማ ገብተውበት ነው፣ ምስኪን።»

«ጋሼ አስቀይመውዎት ያውቃሉ? መምህር ሲያረጅ ይነጫነጫል፤ አንዳንዴም ልክ ያልፋል።»

«ኧረ በፍጹም! አንድም ቀን።»

ሲናገር እጆቹን አጣጥፎ ነበር። የጥፍሮቹ ሥር ጠቁሯል።

ጸሐይ ገና ሳትጠልቅ ሦስቱንም መድረኩ ላይ ሰብስባ አስቀመጠቻቸው። ራሷ ቆማ ቀረች። ሦስቱን በየተራ አየቻቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር የሚውሉ ሰዎች ናቸው፤ የተቀመጡት ግን ተራርቀው ነው።

«ጋሼ ዓይነ ስውር ነበሩ» አለች።

መዶሻ ብድግ አለ። «ምን? ጋሼ?»

«ከጀመራቸው ቆይቷል። መነጽራቸው አቧራ ጠጥቶ የቆየ ነው፤ ቢሯቸው አምፖል የለውም። ገመዱን ያስቸከሉህ ለተዋናይ አልነበረም። በእግራቸው እየዳሰሱ ወንበራቸው ጋ የሚደርሱበት መንገድ ነው። ንድፍህንም የገለበጡት ንቀው አይደለም። አላዩትም።»

መዶሻ ተመልሶ ተቀመጠ። ተማሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ገመዱ ከወንበሩ ተነቅሎ ወደ ቀዳዳው ተቸክሏል። ከወለሉ ጋር ስለተቀባ የነበረበት ቦታ ገርጥቶ ቀርቷል፤ ያን ለመሸፈን በጫማ ቀለም ታሽቷል። ስለዚህ አደጋ አይደለም። የቀረው ማን የሚለው ነው። እዚህ ላይ መብራቱ ይናገራል። መዶሻ፣ ድምፁ ነው የቀደመው ጨለማው?»

«ድምፁ።»

«አንቺስ?»

«ድምፁ። እርግጠኛ ነኝ፤ መስታወት እያየሁ ነበር።»

«አንደኛው ወርክሾፕ፣ ሌላዋ መልበሻ ክፍል፤ ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ተናገሩ። ማለት ጋሼ የወደቁት መብራት ቦግ ብሎ እያለ ነው። ማጥፊያው የወረደው ከወደቁ በኋላ። አሁን አስቡት። ጋሼ ያያሉ ብሎ የሚያምን ሰው ሊገድላቸው ቢፈልግ መብራቱን አስቀድሞ ያጠፋ ነበር፤ አለዚያ ቀዳዳውን አይተው ያልፉታላ። ይሄ ሰው ግን መብራቱ እንደበራ ጠበቀ። እንደሚወድቁ ያውቃል። ያጠፋው ለኛ ነው፤ በጨለማ ወደቁ እንድንል። ስለዚህ ገዳዩ ዓይናቸው እንደማያይ የሚያውቅ ሰው ነው።»



«መዶሻ ተቀይሟቸዋል፤ ልጅቷም እንዲሁ። ቅሬታቸው ነው ነጻ የሚያወጣቸው፤ የሚያውቅ ሰው ኮሪደር ላይ ሰላምታ ነሱኝ ብሎ አያለቅስም። አንድ ሰው ብቻ 'አንድም ቀን' አለኝ።» ወደ ረዳቱ ዞረች። አነጋገሯም ተለወጠ። «አንተ በር ገርበብ ብሎ ሲቀር፣ ወንበር መንገድ ላይ ሲቀር አያስችልህም። ከማያይ ሰው ጋር የኖረ እጅ ነው። መብራቱ ቀድሞ ጠፋ ያልከኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ። የመዶሻ ጣት ቀለም ነው፣ የልጅቷ ኩል። ሸራ ጫማ ለሚያደርግ ሰው ጥፍሩ ሥር የጫማ ቀለም ምን ይሠራል?»

ረዳቱ እጆቹን አየ።

«ዓይናቸው እኔ ነበርኩ» አለ። «ፈተና ላይ ጆሯቸው ሥር ተቀምጬ ያየሁትን የምነግራቸው እኔ ነኝ። ሥራቸውን እንዳያጡ አብሬ ደበቅሁ። የራሴን ትርኢት ሳላዘጋጅ፣ የራሴ የምለው ጓደኛ ሳይኖረኝ ጸጉሬ ሸበተ። ሰላም የሚለኝ ሁሉ 'ጋሼ እንዴት ናቸው?' ነው የሚለኝ።»

«ታዲያ ግትር ናት ያልካቸው ለምንድን ነው?» አለች ተማሪዋ።

አላያትም። «ማንበብ ከጀመርሽ ወዲህ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳቃችሁን ነው የምሰማው። ከኔ ጋር ስቀው አያውቁም። ፈተና ብትወድቂ ትሄጃለሽ ብዬ ነው። ትናንት ማታ ጠሩኝ። 'የነገርከኝ ልጅና የዳሰስኳት ልጅ አንድ አይደሉም። ነገ ዓይነ ስውር መሆኔን ለተማሪዎቹ እናገራለሁ፤ ፈተናውም ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ አላስፈልግህም፤ ሂድና የራስህን ኑሮ ኑር' አሉኝ። የቱን ኑሮ? የት አለኝ?»

ፖሊሱ ክንዱን ይዞ ሲያወጣው፣ ረዳቱ በልማድ ከመንገዱ ላይ የቀረውን ወንበር ገፋ አድርጎ አለፈ።

ተማሪዋ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። የተኳለው ዓይኗ ኩል ጉንጯ ላይ ወረደ።

«አላዩኝም ነበር ማለት ነው» አለች። «ኮሪደሩ ላይ... ብናገር ኖሮ፣ ጋሼ ብዬ ብጠራቸው ኖሮ ይቆሙልኝ ነበር። እኔ እጄን ነበር የማነሣው።»

መዶሻ መድረኩ ላይ ለትርኢቱ የሠራውን ቤት ቀና ብሎ አየ፤ መስኮቶቹን፣ ደረጃውን። «በእጃቸው እንዲነኩት ትንሽ ሞዴል እሠራላቸው ነበር» አለ። «ምን ነበረበት ቢነግሩኝ?»

መርማሪዋም ለጎረቤቶቿ «ደኅና ነኝ» እያለች ነው የከረመችው።

ሌላ ፖሊስ መዝገብ ይዞ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ አስከሬኑን የሚረከብ ሰው አጣን። ዘመድ የላቸውም ነው የሚሉት። ማን ብለን እንጻፍ?»

መዶሻ ተነሣ። «እኔን ጻፍ።»

«ምናቸው ነዎት?»

መዶሻ ተቸገረ።

«እሱን ወንድማቸው በለው» አለች ተማሪዋ፣ ጉንጯን በእጅጌዋ ጠርጋ። «እኔን ደግሞ ልጃቸው።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አየ። «ጻፍ» አለችው።

መዶሻ የትምህርት ክፍሉን አሮጌ መኪና አስነሣ። ተማሪዋ ከኋላ ገባች። የአስከሬን መኪናውን ተከትለው ሊሄዱ ነው። መርማሪዋ ሥራዋ አብቅቷል፤ ቤቷም በሌላ አቅጣጫ ነው። መዶሻ ከውስጥ የፊቱን በር ከፈተላት።

«ቦታ አለን፣ እትዬ» አላት።

ገባች። መኪናው ረጅም መንገድ ሄደ። ከዚያ መዶሻ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ።

«እንደዚያ እስኪያማችሁ ያሳቃችሁ የነበረው ምን ነበር?»

ተማሪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሴት ልጅ ሆኜ የሽማግሌ ንጉሥ ቃል ሳነብ...» ብላ ጀመረች፣ በዚያ ጎርናና ድምፅዋ። የመንገዱ ጫጫታ አስቸገረ። መርማሪዋ መስኮቱን ዘጋችና ለመስማት ወደ ኋላ ዞረች።