የአባባ ሽብሩ ውይይት

ሶስና አያት አላት። ስማቸው አባባ ሽብሩ ነው።

አባባ ሽብሩ ዱሮ ሾፌር ነበሩ። የሚነዱት ውይይት ነበር።

ውይይት ታውቃላችሁ? ከየት ታውቃላችሁ፣ እናንተ ሳትወለዱ ነው የጠፋችው! ውይይት ታክሲ ናት። ከኋላዋ ሁለት አግዳሚ ወንበር አላት።

ተሳፋሪዎቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሲያወሩ፣ ሲያወሩ፣ ሲያወሩ ይደርሳሉ። ለዚህ ነው ውይይት የተባለችው።

አባባ ስለ ውይይታቸው ማውራት አይሰለቻቸውም። ቁርስ ላይ ውይይት፣ ምሳ ላይ ውይይት፣ እራት ላይ ውይይት።

«ድድድድ እያለች ዳገቱን ትወጣዋለች» ይላሉ። «ጲጵ! ጲጵ! ስትል ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል።»

«እኔም ላያት እፈልጋለሁ» አለች ሶስና።

«አሁንማ የለችም የኔ ልጅ። አረጀችና ተሸጠች። ብረቷም ቀልጦ ሌላ ነገር ሆነ።»

«ፎቶዋስ?»

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፎቶ የለም፤ አንድም የለም። ውይይቷ ያለችው አባባ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው።

ሶስና አዘነች። ሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ማየት አይቻልማ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን አንድ ሐሳብ መጣላት። «አባባ፣ ለምን አንሠራትም? ትንሽዬ አድርገን እንሥራት።»

አባባ ተነሥተው ባዶ የወተት ጣሳ፣ መዶሻና የቆርቆሮ መቀስ ይዘው መጡ። ደስ ሲላቸው ብዙ አያወሩም።

«ቁመቷ ምን ያህል ነበር?» አለች ሶስና።

«ጣሪያዋ እዚህ ይደርሳል» አሉ አባባ። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ።

ሶስና ብልህ ናት። መጀመሪያ ከጭቃ ትንሽዬ አባባ ሠራች። ቁመቱ እንደ አውራ ጣት ነው።

«የውይይቷ ጣሪያ እዚህ ሰውዬ ግንባር ጋ ይድረስ» አለች። አባባም ቆርቆሮውን በዚያው ልክ ቆረጡ።

ቀጭ! ቀጭ! መቀሱ ቆርቆሮውን ቆረጠው። ኳ! ኳ! መዶሻው ቆርቆሮውን አጠፈው።

አራት ቆርኪዎች ጎማ ሆኑ። አባባ መሐላቸውን በምስማር በሱና ሽቦ አስገቡባቸው።

«እንዲህ ነበረች አባባ?»

«ትንሽ ቀርቷታል» አሉ አባባ።

ከክብሪት እንጨት ሁለት አግዳሚ ወንበር ሠሩ። በማስቲሽ አጣበቋቸው፤ የሶስናም ጣቶች አብረው ተጣበቁ።

«እንዲህ ነበረች አባባ?»

«ትንሽ ቀርቷታል።»

አሁን ተሳፋሪዎች ይግቡ! ሶስና አንዲት የጭቃ ሴትዮ ሠራችና ወንበሩ ላይ ልታስቀምጣት ሞከረች።

ጓ! ሴትዮዋን ጣሪያው ጭንቅላቷን መታት።

ሌላ ሰውዬ ሠራች። ጓ! እሱንም መታው። ጭንቅላቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ።

«አባባ፣ ተሳፋሪዎችዎን ጣሪያው እንዲህ ነበር የሚመታቸው?» አለች።

«ኧረ በጭራሽ» አሉ አባባ። «በኔ ውይይት አንድም ሰው ተመትቶ አያውቅም።»

ሁለቱም ውይይቷን አዩ። በጣም አጭር ናት። ምን ሆነች? ቆርቆሮው ልክ ነው፣ ልኬቱም ልክ ነው።

አባባ መነጽራቸውን አደረጉ። የጭቃውን ሰውዬ አነሡና አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ጎባጣ ሰውዬ ማነው?»

«እርስዎ ነዎታ አባባ» አለች ሶስና። «ይኸው ጀርባዎ፣ ይኸው ምርኩዝዎ።»

አባባ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ሶሲዬ፣ ያኔ እኮ ጎባጣ አልነበርኩም። ምርኩዝም አልነበረኝም። ቀጥ ያልኩ ረጅም ሰው ነበርኩ።»

ሶስና አፏን ከፈተች። አባባ ቀጥ ብለው ያውቃሉ? ይህን ማንም ነግሯት አያውቅም።

እሷ የምታውቃቸው ገና ከተወለደች ጀምሮ እንዲህ ጎንበስ ብለው ነው። ሁልጊዜም እንዲህ የነበሩ ይመስላት ነበር።

«ግንባሬን ሳሳይሽ እኔም ማጠሬን ረስቼው ነበር» አሉ አባባ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ።

ሶስና የጭቃውን ሰውዬ ከእጃቸው ወሰደች። ምርኩዙን ነቀለችለት። ከዚያ ጀርባውን በጣቷ ደገፈችና ቀና አደረገችው።

ቀጥ! ትንሽ ረዘመ። ቀጥ! አሁንም ረዘመ። ደረቱ ተነፋ፣ አንገቱ ወጣ።

«እንዲህ ነበሩ አባባ?»

አባባ የጭቃውን ሰውዬ ረጅም ጊዜ አዩት። «አዎ» አሉ። «ልክ እንዲህ ነበርኩ።»

ታዲያ ሥራው እንደገና ተጀመረ። ሌላ ጣሳ መጣ። ቀጭ! ቀጭ! ኳ! ኳ!

ይህችኛዋ ውይይት ረጅም ናት። ሴትዮዋ ገባች፣ ሰውዬውም ገባ። የማንም ጭንቅላት አልተመታም።

ቀጥሎ ቀለም ነው። ከታች ሰማያዊ፣ ከላይ ነጭ። ሰማያዊው የግቢያቸው በር ሲቀባ የተረፈ ነው።

ሶስና በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ቀስ ብላ ቀባች። አፍንጫዋም ትንሽ ሰማያዊ ሆነ፤ አትንገሯት።

«እንዲህ ነበረች አባባ?»

«ትንሽ ቀርቷታል።»

ብርማው የማስቲካ ወረቀት መስታወት ሆነ። ሁለት ዶቃዎች የፊት መብራት ሆኑ፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቢጫ።

«ለምን አንድ ዓይነት አልሆኑም?» አለች ሶስና።

«ያኔ አንዱ መብራቷ ተሰብሮ ሲቀየር ቢጫ ብቻ ተገኘ» አሉ አባባ። «በዚያ ነው ሰዉ ከሩቅ የሚለያት።»

ቀጥ ያለው አባባ የሽቦ መሪውን ይዞ ተቀመጠ። ውይይቷ ጠረጴዛው ላይ ቆመች።

«እንዲህ ነበረች አባባ?»

አባባ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ሲከፍቱ በሩ ተከፈተ። እማዬ ከሥራ ገባች። እማዬ የአባባ ሽብሩ ልጅ ናት።

ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ ቆመች። ስለ ውይይቷ ማንም ምንም አልነገራትም።

«የአባዬ ውይይት» አለች በቀስታ።

ጎንበስ ብላ አየቻት። ከሾፌሩ ጎን ያለችውን ባዶ ቦታ በጣቷ ነካች። «እኔ እዚህ ጋ ነበር የምቀመጠው» አለች።

ሶስና ገረማት። «አንቺ? ምን ታክይ ነበር?»

«አንቺን ነበር የማክለው።»

ሶስና ከቀረው ጭቃ ቆንጥራ ሰጠቻት። እማዬ ቁጭ ብላ ትንሽዬ ልጅ ሠራች። ሹሩባም ሠራችላት።

ልጅቷን ከቀጥ ያለው ሾፌር አጠገብ አስቀመጠቻት። ጭንቅላቷ ትከሻው ጋ እንኳን አይደርስም።

«ሰዉ ሁሉ ‹ወራጅ አለ!› እያለ ይወርድ ነበር» አለች እማዬ። «እኔ ግን ብዬ አላውቅም። ከአባዬ ጎን መውረድ አልወድም ነበር።»

አባባ የእማዬን ራስ ዳበስ አደረጉ፣ ልክ እንደ ትንሽ ልጅ።

ሶስና ውይይቷን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገቻት። ድድድድ! በዳቦው ሳህን በኩል ዞረች፣ በሻይ ብርጭቆዎቹ መሐል አለፈች።

እራት ቀርቧል፤ ወጡም እየቀዘቀዘ ነው። ሦስቱ ግን ገና አልወረዱም።