ሁለት ሰማያዊ ሸራዎች

ፍቅር በፍርድ ቤት ኮሪደር ይበቅላል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን በዓይኔ አየሁ፣ ልጆቼ።

ያ አውሎ ነፋስ እዚህ ሉዊዚያና፣ እኛ ሰፈር ውስጥ ደህና ጣሪያ አላስተረፈም፤ ሁላችንም ቀዳዳውን በሰማያዊ ሸራ ሸፍነን ተቀመጥን። ኢንሹራንሱ ግን «ቤታችሁን ያበላሸው ጎርፍ እንጂ ነፋስ አይደለም፤ ጎርፍ ደግሞ ውላችሁ ውስጥ የለም» አለን። ተሰባስበን ከሰስን። ሁላችንንም ወክሎ ስሙን ያስመዘገበው ጀልባ ጠጋኙ ክሎቪስ ነበር። ከከሳሾቹ አንዷን፣ ኦዳሊን፣ ያገኛትም እዚያው ፍርድ ቤት፣ ችሎት እስኪከፈት ስንጠብቅ ነው።

«ጎርፍ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲነቅል አይተህ ታውቃለህ?» አለችው።

«መሰላል ይዞ መጥቶ ከሆነ እንጃ።»

ሳቀች። ከዚያ ወዲህ በየቀጠሮው አንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ፤ ውለው አድረውም ሊጋቡ ተስማሙ።

ቀጠሮው ግን ማለቂያ አጣ። ክሎቪስም «ሙሽራዬን ሸራ ስር አላስገባም፤ ይፈረድልንና ጣሪያዬን ልሥራ» እያለ ሰርጉን ገፋው። ኦዳሊ ደከማት። ማን ያልደከመው ነበር?

አንድ ቀን በስብሰባችን ላይ ጠበቃችን ተነስቶ ክሎቪስን አመሰገነው። ለካ ኢንሹራንሱ «ብቻህን ከክሱ ውጣ፣ ቤትህን እንሠራልሃለን» ብሎት እምቢ ብሏል! ኦዳሊ ይህን ከሰው እኩል ሰማች።

በረንዳው ድረስ ተከትላው ሄደች።

«ጣሪያ ሲሰጡህ እኔን አትጠይቀኝም?»

«ውሰደው ብትዪኝ እሺ እንዳልል ፈርቼ ነው።»



«አንተ ሞኝ! እኔም እኮ ከሳሽ ነኝ። ጥለኸን ብትወጣ ነበር የማላገባህ» አለችው። «አሁን ግን ደክሞኛል።»

ሄደች። እሱ፣ በቃ ተለያየን ብሎ እዚያው ተቀምጦ ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋን ደጁ ላይ አቆመች። ከኋላ ሻንጣዎቿ፣ መዶሻ፣ ደግሞም ከቤቷ ጣሪያ የተነቀለ ሰማያዊ ሸራ ተጭኗል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያንተም ያፈሳል፣ የኔም ያፈሳል። ሲደራረቡ እናያለን። መሰላሉን ያዝልኝ!»

«ቤትሽስ?»

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነው።»

ክሱ ለሚመጣው ዓመት ተቀጥሮ ሳለ፣ ቅዳሜ ዕለት በዚያው በክሎቪስ ሳሎን ተጋቡ። ጋምቧችንን፣ ያን የአገራችንን ወፍራም ሾርባ፣ በየድስታችን ይዘን ሄድን። ቄሱ ቃል ኪዳኑን ሲያነቡ ዝናቡ ወረደ። ሁላችንም በልማዳችን ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጥን። ኦዳሊ ደግሞ ባልዲ ፍለጋ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

ጠብ ያለ ነገር የለም።

«እሺ ልጆቼ፣ እንቀጥል» አሉ ቄሱ።