ማስተዋል ብቻ የምትጫነው

ማስተዋል ሆዷ ተከፍቶ ዕጢ ከወጣላት ሦስተኛ ቀኗ ነው። እናቷ ዘርፌ እንደ ልማዷ ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችላት፣ ፔርሙዙን አለቀለቀች፣ ከአልጋው ጥግ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ወሬ የማያመልጣት ቦጋለች፣ ከጎን አልጋ እህቷን የምታስታምመው፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ «ዛሬስ በምን ሊያስታግሱላት ነው?» አለቻት።

ብትጠይቅ አይፈረድባትም። የመጀመሪያ ቀን ማስተዋልን ቂጧ ላይ ይወጓት ነበር፤ ሲስተሯ ከላብራቶሪው ልጅ ጋር ሳቋን ጨርሳ መርፌውን እስክታመጣ የልጅቷ ነፍስ ልትወጣ ትደርሳለች፣ ከተወጋች በኋላ እንደ ድንጋይ ትተኛለች፣ አራት ሰዓት ሳይሞላው ደግሞ ጩኸት ነው። በማግስቱ ኪኒን ሰጧት፤ ከነውሃው አስመለሰችው፣ ስፌቷም ሊተረተር ደረሰ። የቦጋለች እህት በጀርባዋ ማደንዘዣ የሚያስገባ ቀጭን ቱቦ ገብቶላት ከወገቧ በታች የሰው ገላ የተዋሰች ይመስል ስትስቅ ትውላለች፤ የማስተዋል ጀርባ ግን ቱቦውን እንቢ አለ። ዛሬ አዲስ የመጣውን ማሽን ከክንዷ ደም ስር ጋር አገናኙና መጫኛውን በመዳፏ አስያዟት።

«ሲያማት ራሷ ትጫነው» አለች ሲስተሯ። «ሌላ ሰው እንዳይነካው። እንቅልፍ ከወሰዳት አትጫንም፣ ካልተጫነች መድኃኒቱ አይጨመርም። ከመጠን እንዳያልፍባት መጠበቂያዋ እሱ ነው።»

«እናቷም ብሆን?»

«በተለይ እናቷ።»

ማስተዋል ሁለቴ ተጫነች። ግንባሯ ተፈታ። «እማ፣ ተሻለኝ፤ አንቺም ጋደም በይ» ብላ አሸለበች፤ መጫኛው ከእጇ አምልጦ አንሶላው ላይ ወደቀ።

ማቃሰቱ የመጣው ያኔ ነው።

ክረምት ነውና ደመናው ቀኑን አጨልሞታል፣ የበረኪናና የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ክፍሉን ሞልቶታል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ድምፁ ግን ከዚያ ሁሉ ስር፣ ከሆድ ግርጌ ተነስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እየተጎተተ ይሰማል። ዘርፌ የልጇን ከንፈር አየች። አልተንቀሳቀሰም። «በእንቅልፏም አልተዋትም» አለችና መጫኛውን አንስታ ተጫነችው። ማሽኑ ጢው አለ። ጥቂት ቆይቶ ማቃሰቱ ደግሞ መጣ። ደግማ ተጫነች።

ጎንበስ ብላ ትንፋሿን ውጣ ስታዳምጥ ጭጭ ይላል፤ ቀና ስትል ይጀምራል። ውሃ ስትጎነጭ ይቋረጣል። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብላ ኮሪደሩን ስታጋምስ፣ ያን ሁሉ በር አልፎ ጆሮዋ ስር አቃሰተባት፤ ሮጣ ተመለሰችና ደጋግማ ተጫነችላት። የማስተዋል ከንፈር ጠቆር ብሏል። ብርዱ ነው አለች፣ ነጠላዋን ደረበችላት። እጇ ቀዘቀዘ፣ አሻሸችው። ማቃሰቱ በረታ እንጂ አልቀነሰም፤ ዘርፌም አውራ ጣቷ እስኪደነዝዝ ተጫነች።

ሲስተሯ ስትመጣ የማስተዋልን አንገት ዳበሰች፣ እንደገና ዳበሰች፣ ሰው ጠራች። ብዙ ሆነው ደረቷን ቢጫኗትም አልተመለሰችም። በመጨረሻ አንሶላውን ፊቷ ላይ ሳቡት።

«ኧረ ግለጧት» አለች ዘርፌ። «አሁንም እያቃሰተች አይደል እንዴ፣ አትሰሟትም?»

ቦጋለች መጋረጃውን አልፋ መጣችና እጇን ይዛ «ዘርፍዬ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «ልጅሽማ ከተኛች ወዲህ ድምጿም አልተሰማ፤ አንጀቷ አርሮ ነው ብለን ተውንሽ እንጂ፣ ስታቃስቺ የዋልሽው አንቺ ነሽ።»