ጉብታው ላይ የነበረችው ቤት

«እዪው፣ ጉድጓድ ነው እኮ!» አለች የልጅቷ ጓደኛ። ጣቷን ፎቶው ላይ ልታሳርፍ ስትል የፎቶ ማኅደሩ ሠራተኛ በዓይናቸው ገሠጿት።

ልጅቷ ክው አለች። ከትምህርት ቤት ደብዳቤ አጽፈው ካርታ መሥሪያ ቤት ድረስ የመጡት ለዚህ ፎቶ ነበር። ከስልሳ ዓመት በፊት ከአውሮፕላን ላይ የተነሳ ነው፤ ከተማው ያኔ ጣሪያው ተቆጥሮ ያልቃል። አያቷ ሁልጊዜ «ቤታችን ጉብታ ላይ ነበር፤ ከተማው በሞላ ከእግራችን ሥር!» ይሏታል። ጉብታው ለመንገድ ሥራ ተደልድሎ ሜዳ ከሆነ ቆይቷል። ፎቶው ላይ ግን ቤቲቱ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብላለች።

«አያትሽ ሸውደውሻል» አለች ጓደኛዋ እየሳቀች። «ነገ ክፍል መጥተው ይህን ሲያወሩ አስቢው! ደውዪና ፕሮግራሙ ተሰርዟል በያቸው።»

የነገው የታሪክ ክፍለ ጊዜ እንግዳ አያቷ ናቸው። ኮታቸውን ካስተኮሱት ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ክፍሉ ሁሉ ሲስቅባቸው ታያት። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«እስቲ ቆዪ፣ የኔ ልጅ» አሉ ሠራተኛው። ጓንት ባጠለቀ እጃቸው ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀስ ብለው አዞሩት፤ የላዩ ጠርዝ ወደ ታች መጣ። «ጥላው ወደ አንቺ መውደቅ አለበት። አለዚያ ዓይን ይሳሳትና ተራራውን ገደል ያደርገዋል። እኔም አዲስ ስቀጠር ሳምንት ሙሉ ወንዙን በተራራ ጫፍ ሳስኬድ ከረምኩ።»

ጉድጓዱ ከወረቀቱ ላይ ብድግ አለ። ጉብታ! ቤቲቱም አናቱ ላይ ጉብ ብላለች። ልጅቷ ከልቧ «እፎይ!» አለች፤ ከትከሻዋ ላይ ሸክም የወረደላት ያህል ቀለላት።

«ለካ የተሸወድኩት እኔ ነኝ» አለች ጓደኛዋ አንገቷን ደፍታ።

«ሄሎ? ሄሎ?» ይላሉ አያቷ በስልኩ።

ሰላም ልልዎት ነው ብላ መዝጋት ትችል ነበር።

«አባባ፣ ቤትዎን አየሁት፤ ጉብታው ላይ ነው። ቅድም ግን ተጠራጥሬዎት ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እውነትሽን ነው? አለ?» አሉ አያቷ። «ጉብታውን ከሚያውቁት ጓደኞቼ አንድም በሕይወት የቀረ የለም። የሚመሰክርልኝ ሳጣ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር፣ ልጄ።»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረግ ጠረግ አደረገች። ከሠራተኛው የፎቶው ቅጂ መጠየቂያ ቅጽ ተቀብላ፣ «የጠያቂው ስም» የሚለው ቦታ ላይ የአያቷን ስም ጻፈች።