ከሩቅ አትገድልም

እንግዳው የሚባለው ገበሬ ሞቶ የተገኘው የገበያ ቀን ሊመሽ ሲል፣ ከደባርቅ ከተማ ዳር፣ ባልታጨደ ገብስ መካከል በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ለቄስ ገብረ ክርስቶስ ጥሪው ሲደርሳቸው ጥምጣማቸው ራሳቸው ላይ አልነበረም። ጥቁር ፌስታል ውስጥ ነበር።

ፌስታሉ የራሱ ታሪክ አለው። ከአንድ ዓመት በፊት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች መዝሙር እየቀሩ ጌም ቤት ይሰገሰጋሉ ሲባል፣ ቄሱ ሊያስወጧቸው አለንጋ ይዘው ገቡ። ልጆቹ እየተራገጡ ወጡ። ቄሱ ግን «እስቲ ምን ቢያዩበት ነው?» ብለው ተቀመጡ፤ ተቀምጠውም ቀሩ። ከዚያ ወዲህ የጌም ቤቱ ባለቤት ፀጋው የጓሮውን ክፍል ለእሳቸው ብቻ ይከፍትላቸዋል። ጥምጣሙን ፌስታል ውስጥ ይከቱና የወታደር ጨዋታውን ይጀምራሉ። ከመሣሪያው ሁሉ የሚመርጡት ሾትገኗን ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ወታደራቸው ከአፈሙዟ ሥር ያለውን እንጨት ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት ሲመልሰው «ቸክ ቸክ» ትላለች፤ ያ ድምፅ ደስ ይላቸዋል። ጠላት ራቅ ብሎ ሲያመልጣቸው ደግሞ ይናደዳሉ። «ይቺ ከቅርብ ሞት ናት፤ ከሩቅ ግን ቁንጫም አትገድል!» ይላሉ፤ ፀጋውም ይስቃል። ይህ ሁሉ በነቢያት ጾም እንኳ አልቀረም፣ ያውም ቀድሰው በወጡበት ቀን። ማፈሩንስ በጣም ያፍሩ ነበር፤ ሀፍረቱ ግን ከወንበሩ አላስነሳቸውም።

ሬሳው ዘንድ እየሮጡ፣ እየጠመጠሙ ደረሱ። ኢንስፔክተር አልጣሽ ቀድማቸዋለች። ከዳባት የተዛወረች፣ ሃምሳን የተጠጋች፣ ኪሷ ቆሎ የማያጣ ሴት ናት። ዓይኗ ያረፈው ሬሳው ላይ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ገብስ ላይ ነበር።

«አባ፣ ጥምጣምዎ ላልቷል» አለቻቸው ቀና ሳትል።

«በጥድፊያ ነው፣ ኢንስፔክተር።»

«ከቤተ ክርስቲያን ነው የመጡት?»

«ከ… ከዚያው አካባቢ።»

በእጃቸው የጨበጡትን ባዶ ፌስታል አየችና ቆሎዋን ቆረጠመች። ሌላ አልጠየቀችም።

«አንገቱን ያገኙት ሦስት የእርሳስ ፍሬዎች ናቸው» አለች። «የቀሩት የገብሱን ዛላ መትረው የማሳው ድንጋይ ካብ ላይ ተበትነዋል። ይህን ያህል የተበተነው ተኳሹ ሩቅ ስለነበር ነው።» ከዚያ ወደ ማሳው ዳር፣ ጎበዝ ወርዋሪ በእጁ ድንጋይ ወደማያደርስበት ወደ ኮሶው ዛፍ ሄደች። ሥሩ አጎንብሳ አንድ ነገር አነሳችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምን እንደሆነ ግን አልተናገረችም።

እንዲህ ያለ ፍሬ የምትተፋ ጠመንጃ በአካባቢው አንድ ብቻ ናት፤ አያ ላቀው ከአባታቸው የወረሷት ባለ ሁለት አፈሙዝ። አያ ላቀው ከሟቹ ጋር በድንበር ተጣልተው ከርመዋል። ጠመንጃዋ አልጋቸው ሥር ተገኘች፤ ባሩድ ባሩድ ትሸታለች፣ ከአፈሙዟ ሥር ያለው እንጨትም የለም። ሽማግሌው ሲጠየቁ «ጠመንጃዋ የኔ ናት። ሌላ የምለው የለኝም» ብለው እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ኢንስፔክተር አልጣሽ ምርመራ ስትጀምር ቄሱን ከጎኗ አስቀመጠቻቸው።

«ሰው እኔን ለመዋሸት አይሳሳም። መስቀል ካለ ግን ትንሽ ያስብበታል» አለች። ቄሱ መስቀላቸውን ጨብጠው፣ ወንበሩ እንደ ጋለ ምጣድ እየፈጃቸው ተቀመጡ።

መጀመሪያ የገባው የሟቹ ወንድም የሺዋስ ነው። በውርስ በሬ ምክንያት ከወንድሙ ጋር አይነጋገሩም ነበር።

«ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ አይቶኛል» አለ። «ደግሞስ ክላሽ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎልኝ የሽማግሌ ጠመንጃ ልሰርቅ? ወንድሜን ተቀይሜው ሞተ። እሱ ይበቃኛል፤ ሌላ አይጫንብኝ።» አልቅሶ ወጣ።

የአያ ላቀው ልጅ ታንጉት ሕፃኗን እያጠባች መለሰች። «አባቴ ጊደር ጠፍታበት ፍለጋ ወጣ፤ ብቻውን። እኔ ገበያ ነበርኩ። ቤቱ ባዶ ነበር።»

«ባልሽስ?»

«ሥራው ላይ ነዋ።»

ባሏ ፀጋው ነው። ሦስተኛ የገባውም እሱ ነው። በቀብሩ ላይ ከሟቹ ዘመድ ሁሉ በላይ ደረቱን የደቃ እሱ ነበር፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ያኔ ለማንም ትዝ አላለውም።

«ቀኑን ሙሉ ጌም ቤት ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

ፀጋው ቄሱን አየት አደረጋቸውና ዓይኑን ሰበረ። «የገበያ ቀን አይደል? ደንበኛ አልነበረም።»

«ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ ነበር።»

«ወዲያው ጄኔሬተር አስነሳሁ። ጎረቤት ይጠየቅ።»

«ጠይቄያለሁ። የሠፈሩ ጄኔሬተር ሁሉ ይጮህ ስለነበር የአንተን ከሌላው የለየ ሰው የለም። ውስጥ ያለ ሰው ቢኖር ነበር የሚነግረኝ።»

ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዓይናቸውን ወደ መስቀላቸው መለሱ። ውስጥ የነበሩት እሳቸው ናቸው። መብራቱ ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ጠፋ፣ ክፍሉ ጨለመ፣ ጄኔሬተሩ ግን አልተነሳም። ቤንዚን ያለቀ መስሏቸው፣ ቀን በዚያ በር ወጥቶ መታየቱን ፈርተው፣ መብራት እስኪመጣ ድረስ ጨለማው ውስጥ ኩርምት ብለው ጠበቁ። ፀጋው በዚያ ሁሉ ጊዜ አልነበረም። ፀጋውም እንደሚያውቁ ያውቃል። ያ አየት ማድረጉ ልመና አልነበረም፤ ሀፍረታቸውን ተማምኖበት ነው።

«አባ፣ የሚሉት ነገር አለ?» አለች አልጣሽ።

«የለም» አሉ ቄሱ። መስቀሉ በእጃቸው ላይ ከበዳቸው።

አመሻሹ ላይ አያ ላቀውን ሊጠይቁ ጣቢያ ሄዱ። የነፍስ አባታቸው ናቸውና መሄዱ ደንብ ነው። ሽማግሌው ከተቀመጡበት ተነስተው መስቀል ተሳለሙ።

«አያ ላቀው፣ ነገ ወደ ጎንደር ሊወስዱዎት ነው። የሚያውቁት ካለ ይናገሩ እንጂ!»

«ዝም አይነቅዝም፣ አባ። እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ። ልጄ ግን ሕፃን ታቅፋለች፤ አሳዳጊ ያስፈልጋታል።»

ቄሱ ያኔ ገባቸው። ሽማግሌው እንጨት የሌላትን ጠመንጃ አልጋቸው ሥር ሲያዩ፣ ከቤታቸው ማን እንደወሰዳት ጠርጥረዋል። እሳቸው ዝም ያሉት ስለ ልጃቸው ነው። ቄሱ ዝም ያሉት ስለ ጥምጣማቸው ነው። ወደ ቤት እየተመለሱ በመንገድ ላይ ብቻቸውን ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

በነጋታው ጧት፣ ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ደጅ ቆሞ፣ አልጣሽ ሁሉንም በአያ ላቀው ግቢ ሰበሰበቻቸው። ጎረቤቱም ካቡን ተደግፎ ቆመ። ባዶዋ ጠመንጃ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነው» አለች። «አንድ ጥይት ተኩሳችኋል እንበል። ለሁለተኛው ምን ታደርጋላችሁ? አሳዩኝ። አያ ላቀው ይጀምሩ።»

ሽማግሌው ካቴናቸው ተፈቶላቸው ጠመንጃዋን አነሱ፤ ከወገቧ ሰበር አደረጓትና የቀለሁን ቦታ አሳዩ። የሺዋስ በክላሽ ልማድ ጎኗ ላይ መሳቢያ ፈልጎ አጣና አፍሮ መለሰ። ፀጋው ተራው ሲደርስ አማቱ እንዳደረጉት አድርጎ ከወገቧ ሰበራት።

«ጎበዝ፤ ቶሎ ትማራለህ» አለች አልጣሽ። ከቦርሳዋ አንድ እንጨት አወጣች። «ይህን ያገኘሁት ከኮሶው ሥር፣ ተኳሹ ከቆመበት ነው። አልተሰበረም። ወደ ኋላ በኃይል ተስቦ ነው የተነቀለው። ይህችን ጠመንጃ የሚያውቅ ሰው ይህን አይስብም። ክላሽ የለመደም አይስበውም። ታዲያ ማን ይስበዋል? ለምንስ?» ዙሪያውን አየችና ዓይኗን ቄሱ ላይ አሳረፈች። «የሚነግረኝ እፈልጋለሁ።»

ታንጉት ሕፃኗን ታባብላለች፤ ሾፌሩ ሞተሩን አስነሳ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ዛሬም ዝም ማለት እንደሚችሉ አወቁ፤ ያወቁትም ነገር አስጠላቸው።

«እኔ አውቃለሁ» አሉ።

ተነሱ። እንጨቱን ተቀብለው በቦታው ገጠሙት፣ ሰደፉን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ግራ እጃቸውም ዓመት ሙሉ በስክሪን ያዩትን ተከትሎ ማንም ሳያዘው እንጨቱን ወደ ኋላ ሳበው። እንጨቱ ተነቅሎ በእጃቸው ቀረ።

«እንዲህ ነው» አሉ። «በጌም ላይ ሾትገን ከተተኮሰች በኋላ ይህ ይሳባል። ዓይን የለመደውን እጅ ይከተለዋል።»

«እርስዎ የት አዩት፣ አባ?»

«ፀጋው ጌም ቤት፣ ጓሮው ክፍል። አላየሁም፤ እጫወታለሁ። ዓመት ሆኖኛል።» ከካቡ በኩል «በስመ አብ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ፊታቸው ጋለ፤ ግን ቀጠሉ። «እንግዳው የሞተ ቀን እዚያ ነበርኩ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተር አልተነሳም። ፀጋው አልነበረም። ትናንት ይህን እያወቅሁ 'የለም' ብዬ ዋሸሁ። ሌላ ሰበብ የለኝም፤ አፍሬ ነው።»

ፀጋው አንገቱን ደፋ። አልጣሽ አልጮኸችበትም።

«አንድ ነገር ብቻ ይቀራል» አለች። «ሊገድል የፈለገ ሰው ይጠጋል። ሊያስፈራራ የፈለገ ወደ ሰማይ ይተኩሳል፤ አያ ላቀው ጭላዳ ከገብሳቸው ሲያባርሩ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ ነው ያደረጉት። ይህኛው ግን ሩቅ ቆሞ አፈሙዙን ቀጥ አድርጎ ወደ ሰውየው አነጣጠረ። ለምን? ከዚያ ርቀት የምትጎዳ አልመሰለውማ! ጠመንጃን በስክሪን ብቻ የሚያውቅ፣ የዚህንም ቤት አልጋ ሥር የሚያውቅ ሰው ከአንተ ሌላ ማን አለ፣ ፀጋው?»

«ላስደነግጠው ነበር!» ፀጋው መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ልጄን ከትምህርት አስቀረህብኝ፣ ቤትህን አዘጋለሁ፣ ጓሮህ የሚሸሸገውንም ቄስ ለሕዝብ አወጣዋለሁ ብሎ ዛተብኝ። ገብሱ በዙሪያው ሲበተን ይሮጣል ብዬ ነው። ወደቀ። እኔ የሚነሳ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅሁ።» ቀና ብሎ ቄሱን አያቸው። «አባ፣ እርስዎ አይደሉም ሁልጊዜ ሲሉ የነበሩት? ከሩቅ ቁንጫም አትገድል?»

ቄሱ የተናገሩት ቃል ነው፤ ሲናገሩትም በጨዋታው ተናደው ነበር።

ፀጋውን ለአያ ላቀው በመጣው መኪና ጫኑት። አልጣሽ ጠመንጃዋን እየጠቀለለች በቄሱ አጠገብ አለፈች።

«ማን አየህ ስለው እርስዎን አየ» አለቻቸው በዝግታ። «የጥምጣሙም ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስጠብቅዎት ነበር።»

«ምነው ታዲያ አልጠየቁኝም?»

«ጠይቄዎት ነበር፣ አባ።»

ቄሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። አያ ላቀው በነጻ እጃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ እንደ ወትሮው መስቀል ሊሳለሙ ጎንበስ ብለው መጡ። የቄሱ እጅ ወደ ኪሳቸው አልሄደም።

«ዛሬስ ከሌላ ካህን ይሳለሙ፣ አያ ላቀው። እኔ የሚያሳልም ፊት የለኝም።»

«ያፈሩት እርስዎ ነዎት፤ መስቀሉ ምን አደረገ? ያምጡት።»

አወጡት። ሽማግሌው ግንባራቸውንም ከንፈራቸውንም አስነክተው ቡራኬውን ጠበቁ። ቄሱ «ይፍታዎ» ማለት አቃታቸው፤ አፈሩ ላይ ተንበረከኩ።

«መጀመሪያ እርስዎ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አሉ አያ ላቀው። ወዲያ ማዶ ታንጉት ሕፃኗን አዝላ፣ መኪናው በሄደበት መንገድ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆማለች። «እሷን ግን እዚህ ሆነው በሩቁ አይጠይቋትም። ይነሱ፤ ይጠጓት።»

ቄስ ገብረ ክርስቶስ ተነሱ፤ የጉልበታቸውን አፈር ሳያራግፉ ወደ ታንጉት ሄዱ።