የአቶ ላይዘር የመጨረሻ ገጽ

አቶ ላይዘር ኦክላንድ በሚገኘው ቤታቸው፣ ብዕር በቀኝ እጃቸው እንደያዙ፣ የጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ፣ በእጅ በተጻፈ አንድ ገጽ አጠገብ ተደፍተው ተገኙ። ሐኪሙ «በትራስ ታፍነው ነው» አለ። በአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ በይዲሽ የሚያለቅሱ፣ በዕብራይስጥ የሚጸልዩ ገጣሚ ነበሩ፤ አምስት መጽሐፍ ጽፈው አንባቢያቸው አንድ አውቶቡስ አይሞላም።

መርማሪው ሰርፀ ሦስት ሰዎችን ሳሎን ሰበሰበ። የበሩ ካሜራ ከእነሱ በቀር ማንንም አላሳየም። ልጃቸው ሪቭካ ጠዋት መጥታ ሄዳለች። አስታማሚያቸው እማማ ኣረጋሽ ምሳ አብልተው፣ እጃቸውን አጥበው በሰባት ሰዓት ወጡ። ተርጓሚው ፕሮፌሰር ኔተን ስምንት ላይ ገብቶ ዘጠኝ ላይ ወጣ። አሥር ሰዓት ተመልሰው ሬሳውን ያገኙት እማማ ናቸው።

«ስወጣ ይህን ገጽ እየጻፉ ነበር» አለ ኔተን ኮሌታውን እያስተካከለ። «በዚሁ ገጽ ግጥሞቻቸውን ሁሉ ለእኔ አውርሰዋል። ከእኔ በኋላ የገባችው ይህች አስታማሚ ብቻ ናት።»

«ገብቶዎታል እማማ?» አለ ሰርፀ። «ሲሪየስ ነገር ነው፤ አሬስት ላደርግዎት እችላለሁ።»

«ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮ አልጎደለኝም! ወረቀቱን አምጣው።»

ገጹ በየመስመሩ በቀለም ተለቅልቋል።

«ማን አለቀለቀው?» አሉ እማማ።

«የጻፈው እጅ ነዋ» አለ ኔተን በንቀት። «ይዲሽ ከቀኝ ወደ ግራ ሲጻፍ እጅ እርጥቡን ቀለም እየጠረገ ይሄዳል። ማንበብ ለማይችል ሰው ይህ ምኑ ይገባዋል?»

«አሥራ አንድ ዓመት በሎሚ የፈተግኩት እጅ፣ እንዴት አይገባኝ! በውኃ ብቻ በጄ አይልም። ሰርፀ ልጄ፣ የሟቹን ቀኝ እጅ ከትንሿ ጣት በታች እየው።»

ሰርፀ ገብቶ ወጣ። «ክሊን ነው።»

«ያለ እኔ ከወንበር የማይነሱ ሰው ናቸው፤ ተነስተው አልታጠቡም። እጃቸው እኔ እንዳጠብኩት ነው። ገጹ ቆሽሾ ጸሐፊው ንጹህ? ከእኔ ወዲያ ብዕር አልነኩም፤ ብዕሩን ሌላ ሰው ነው ያስያዛቸው!»

ሪቭካ ብድግ አለች። «አባቴ ዛሬ ጠዋት ‹ኔተን ለቅሶዬን ሳቅ እያደረገ ነው የሚተረጉመው፤ ሥራዬን ለቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ፤ ዛሬ እነግረዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ኔተን ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተ።

«አውጣው» አሉ እማማ።

ሰርፀ ጎትቶ አወጣው። ከትንሿ ጣት በታች፣ እስከ አንጓው ድረስ ጥቁር ነበር።

«‹የሞተ ቋንቋ ነው› እያልክ ዕድሜህን ሙሉ በላህበት፤ ይኸው በእጅህ ላይ ነፍስ ዘርቶ መሰከረብህ» አሉ እማማ። «ሎሚ ጓዳ ሞልቷል። ያንተን ግን አልፈትግም።»