ድምፅ የሌለው ሄልሜት

አሰልጣኝ ሩፋኤል ልምምድ ከሚቀረጽበት ማማ ሥር በጀርባው ወድቆ ሞቶ ተገኘ። አያሌው ከሪከንባከር አየር ማረፊያ የመጋዘን ሥራው በርሮ ሲደርስ ፖሊሶቹ ትንሹን ልጁን ኤባን በካቴና አስረው ሜዳው ዳር አስቀምጠውታል። ሊያቅፈው ቢል ከለከሉት።

«ዳድ፣ አይ ዲድንት ዱ ኢት፤ እኔ አይደለሁም» አለው ልጁ።

አባት ምን ያድርግ? እጁን አጣጥፎ ቆመ።

ኤባ ከኮሌጅ በቅርቡ ወጥቶ የኮለምበስ ከተማ ክለብ ኳርተርባክ ሆኗል፤ በአሜሪካ ፉትቦል ኳሱን የሚወረውረው፣ ማጥቃቱን የሚመራው እሱ ነው። ቦታው የታላቅ ወንድሙ የቢሩክ ነበር። ቢሩክ ጉልበቱን ተጎድቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ሉዊስ ሴንተር ባለው ቤቱ ሲታከም ታናሹ ተተካ፤ ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተኳርፈዋል። አያሌው «እንኳን ሰው ዕቃም ይጋጫል» እያለ በመሀላቸው ሲመላለስ ከርሟል።

መርማሪዋ ሱልጣና የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፤ ብዙ ታዳምጣለች፣ ጥቂት ትጠይቃለች። መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን ረዳት ባርኮትን ነበር። ባርኮት ሳይወድ ተናገረ፤ ትናንት ኤባ አሰልጣኙ ላይ ጮኾበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክለቡ ልማድ አሰልጣኙ ማማው ላይ ሆኖ እያንዳንዱን ጨዋታ በረጅም የቃላት ሰንሰለት ይጠራል፤ ኳርተርባኩም በሄልሜቱ ውስጥ ባለች ትንሽ ስፒከር ይሰማል። ኤባ በኮሌጁ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም፤ እዚያ ከሜዳው ዳር የሥዕል ሰሌዳ ከፍ ሲል ሁሉም አይቶ ይሮጣል። ቃላቱ እየተምታቱበት ኳስ ለባላጋራ ሲያድል ሩፋኤል «ልጁን ለጨዋታው ከምናጣምም ጨዋታውን ለልጁ እናቅና» አለና ሥዕሎቹን አመጣ፤ አህያ፣ ጃንጥላ፣ ባቡር። ባላጋራ እንዳይሰማ ሜዳ ላይ ያሉት ብቻ በምስጢር ያዙት። ኤባ ግን አፍሮ ነበር፤ የትናንቱም ጩኸት «እንደ ሕፃን ሥዕል አታሳየኝ» የሚል ነው።

ቢሩክ ቀጥሎ ቀረበ።

«ኮችን ሃይ ልለው ነበር የመጣሁት» አለ። «ከማማው ስወርድ በሬዲዮ ለኤባ ፕሌይ ኮል ያደርግ ነበር፤ ያው ረጅሙን። እኔ ስሄድ አላይቭ ነው።»

አጠገባቸው የቆመው አያሌው ነገሩን አሰላ። እንግዲያ መጨረሻ ላይ ከሟቹ ጋር የቀረው ኤባ ብቻ ነው። ይሄ ልጅ የወንድሙን አንገት ገመድ ውስጥ እያስገባ መሆኑን አያውቅም?

ኤባ ከልምምድ በኋላ ለብቻው ቀርቶ፣ ለማማው ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ይወረውር እንደነበር ተናገረ፤ ያየው ሰው የለም። ሱልጣና ሄልሜቱን ተቀብላ ውስጡን ስታገላብጥ ቆየች። ከዚያ ሁሉንም ወደ ስብሰባው ክፍል ጠራች።

«ጋሼ አያሌው፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለችው። ተቀመጠ።

«ሜዳው ዛሬ ውሃ ጠጥቷል» ብላ ጀመረች። «የኤባ ጫማ ጭቃ ብቻ ነው፤ የማማው ደረጃ ግን ንጹሕ ነው። ኤባ አልወጣም። ሟቹ በጀርባው ነው የወደቀው፤ ፊት ለፊት ያዋራው ሰው ገፍቶታል። ባርኮት፣ ኮች በሬዲዮ ለኤባ መናገር ያቆመው መቼ ነው?»

«ሥዕሎቹ ሲመጡ። ስፒከሯንም ራሱ አወጣት።»

ሄልሜቱን ገለበጠችው። የስፒከሯ ቦታ ባዶ ነበር።

«ቢሩክ፣ የሰማኸው ንግግር ለማን ነው?»

አያሌው «ልጄ፣ ዝም በል» ሊል ከወንበሩ ተነሣ፤ መልሶ ተቀመጠ። የፈለገው አንዱን ልጁን ማዳን ነበር። አሁን አንዱ የሚድነው በሌላው ነው።

«ቦታዬን መልስልኝ ብዬ ለመንኩት» አለ ቢሩክ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ኮች ግን ‹የኦፌንሱን አጨዋወት ለኤባ ነው የሠራሁት፣ ላንተ አይሆንም› አለኝ። ገፋሁት። ልገድለው ብዬ አልነበረም።»

«ወንድምህን አንድ ቀን እንኳ አነጋግረኸው ቢሆን ይህን ውሸት አትዋሽም ነበር» አለች ሱልጣና፤ ድምጿ ውስጥ የድል ስሜት አልነበረም።

ከኤባ እጅ የወለቀው ካቴና ቢሩክ እጅ ገባ። ኤባ አባቱ ትከሻ ላይ ወድቆ ያለቅሳል፤ አያሌው እሱን ደግፎ ወደ ቢሩክ መራመድ አልቻለም።

ስልኩ ጮኸ። እናታቸው ሔዋን ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትደውል ነበር።

«ልጄን ፈቱት?»

«ፈቱት» አላት።

ሔዋን በስልኩ ውስጥ እልል ስትል ቢሩክን በፊቱ እያሳለፉ አወጡት።